እናቴን ቀዳዳ መድፈኛ ያደረጋት ሰው

በዚያ እሁድ ጠዋት ከቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ፊት የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፣ ያኔ ገና ያላገባሁ፣ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ልጃገረድ። ጓደኛዬ ዘውዴ። እናቴ ማሪቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ማሬ የሚላት፣ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አያ ታከለ። የቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ አስናቀ፣ ከነመጠቆሚያ ዱላው። ከስብሰባ መቅረት የሚያስጠይቅ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብለው የመጡ የሰፈራችን ሰዎች። በመጨረሻም ማንም ሳይጠራው የመጣ ቡሬ፣ የአያ ታከለ በሬ። በሬውን ከሰው ጋር በመቁጠሬ ይቅርታ አልጠይቅም። በዚያን ቀን ከሁላችንም የበለጠ ሥራ የሠራው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የመጨረሻ ልጄ ናት። ባለፈው ወር መነጽር ሊታዘዝላት ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ይዣት ስሄድ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ መስቀለኛ ቃላት ትሞላ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ እጨነቃለሁ። መኪናው ሲታጠፍ እጇን እይዛለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። «አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ ያስመልስሻል፤ ዓይንሽን አሞሽ አይደል እንዴ የምንሄደው» እላታለሁ። እሷ አትሰማም። መንገዱን እንዳጋመስን እርሳሷን ነክሳ ዞር አለች።

«እማዬ፣ ጠበቅ ያላለ። ሁለት ፊደል።»

«ላላ።»

«እጅግ ተመኘ?»

«ጓጓ።»

«ማደግ አቃተው?»

«ጫጫ። ቀጥሎ ቀጠነ ይልሻል፣ ሳሳ በይ። ሆዱ ተላወሰ ካለሽ ባባ ነው።»

ልጄ አፏን ከፍታ አየችኝ። «አንቺ መስቀለኛ ቃላት ትሠሪያለሽ እንዴ?»

«እኔ አልሠራም» አልኳት። «በእናቴ ላይ ግን ተሠርቷል።» ከዚያ በኋላ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። አዝኜ አይመስላችሁ። ስንት ዓመት አልፎ ንዴቴ አልበረደም ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበረው። ሰፊ ወረቀት ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፎ በየእሁዱ ጠዋት ከአዳራሹ ውጪ ይለጠፋል። ከላይ የመሪው ንግግር፣ ከመሃል የቀበሌው ማስታወቂያ፣ ከታች፣ የሰው ደረት በሚደርስበት ቁመት፣ የጓድ አስናቀ መስቀለኛ ቃላት። ጓድ አስናቀ ይህን ጨዋታ ከየት እንደተማረው አላውቅም። ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች መለማመጃ ይሆናል ብሎ አመጣው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ይህን አልክድም። ሰው ሁሉ ገና ፊደል እየለየ ነበር። እሁድ ከስብሰባው በፊት በዱላው ቁጥሩን እየነካ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሕዝቡ መልሱን በአንድ ድምፅ ይመልሳል።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ትልልቆቹን ቃላት ይተክላል፤ አብዮት፣ ወዛደር፣ ዓላማ፣ ኢምፔሪያሊዝም። እነሱ መሬቱን ከያዙ በኋላ በየመሃሉ ቀዳዳ ይቀራል። ያንን ቀዳዳ የሚደፍንባቸው ቃላት ከእጅ ጣት አይበልጡም ነበር። ላላ፣ ሳሳ፣ ባባ፣ ጓጓ፣ ጫጫ። በየሳምንቱ እነዚያው። ሰው ከመሰልቸቱ የተነሳ «ጠበቅ...» ከማለቱ «ላላ!» ይለዋል። አንዳንዱ ሽማግሌማ ጥያቄው ሳይነበብ፣ ዱላው ወደ ማዕዘን ሲጠጋ ገና፣ «ሳሳ ነው፣ ካልሆነም ባባ ነው» ይል ነበር። ስንስቅ ጓድ አስናቀ ይቆጣል። ምናልባት ይህ ሳቅ ሳያንገበግበው አልቀረም፤ አዲስ ቃል ፍለጋ ወጣ። ያገኘው አዲስ ቃል እናቴ ሆነች።

እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሄዶ ከቀረ በኋላ ያሳደገችኝ በጋንና በጣሳ ነው። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ግን እንደ እሷ የተደሰተ ሰው አላየሁም። እጇ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ ትሄዳለች፣ ስትመለስ የተማረችውን በከሰል ጋኑ ሆድ ላይ ትጽፋለች። አንድ ቀን ከውጪ ስገባ ትልቁ ጋን ላይ «ማሬ» ተብሎ ተጽፏል። ማ ትንሽ ዘማለች፣ ሬ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። «ይኸው፣ እኔ ነኝ» አለችኝ። ያንን ጋን ለሳምንት ያህል ከውጪ በኩል አላጠበችውም።

ከዚያ በኋላ አንድ እሁድ፣ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት፣ እያለከለከች መጣች። «ነይ! ግድግዳው ላይ አለሁ! ራሴ አነበብኩት!» እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጓድ አስናቀ የዚያን ሳምንት መልሶች በፈዘዘ እርሳስ ጽፎ መደምሰስ ረስቷቸው ኖሯል። አንድ ረድፍ ላይ ዓላማ አለ፣ ከሥሩ ፍሬ አለ። የዓላማ ማና የፍሬ ሬ አንዱ ካንዱ ሥር ቆመው ቁልቁል ሲነበቡ እናቴን ሠርተዋል። ጥያቄውን ማንበብ ገና አልቻለችም። «ምን ይለኛል?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ጥያቄው «ጠላዋ ከወንዝ ውሃ የቀጠነ የሰፈራችን ሴት» ይላል።

«ጠላዋ የተመሰገነ ይላል» አልኳት።

እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ጥቂት ቆይቶ ግን ሰው ተሰበሰበ፣ ጓድ አስናቀ ዱላውን አነሳ፣ ጥያቄውን እንዳለ አነበበው። ከዚያ አንዱ «ማሬ!» አለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሳቁ ግድግዳውን አናጋው። እናቴ ወደ ጓድ አስናቀ አላየችም። ያየችው ወደ እኔ ነው።

በነጋታው ወደ ቢሮው ሄድኩ። መሄዴን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ እኔ ከውሻ ጩኸት የምሸሽ ሰው ነኝ። የተቀቀለ ድንች እየላጠ ይበላ ነበር።

«ጓድ፣ እናቴ ምን አደረገችዎት?» አልኩት።

«እናትሽ? ምንም» አለኝ። ከልቡ ነው የገረመው። «ከዓላማና ከፍሬ መሃል የሚገባ ሌላ አጣሁ። ሁለት ፊደል ናት፣ ትመቻለች።»

«ታዲያ ጠላዋ ቀጠነ ማለት ለምን አስፈለገ?»

«ማን እንደሆነች ሰው እንዲያውቅ ነዋ! ቀልድ ነው። አብዮተኛ ቀልድ ይችላል።»

«የእርስዎን ስም ለምን አያስገቡም?»

ድንቹን ጎርሶ አሰበበት። «አስናቀ አራት ፊደል ነው» አለኝ። «አይገባም።»

ቂም ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ቂም ያለው ሰው ቢያንስ አስቦሻል። ይህ ሰው ግን እናቴን እንደ ጭቃ ዝቆ ቀዳዳ ላይ መረጋት፣ እጁን አራገፈና ድንቹን መብላት ቀጠለ።

ደግሞ አንዴ ከተመቸችው በኋላ አልለቀቃትም። ዓላማና ፍሬ በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ ማሬም ትከተላለች። «ጌሾ መግዛት የረሳች» አላት። «ጣሳዋ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ» አላት። ጠጪዎቹ ቤታችን ገብተው «ማሬ፣ እስቲ አንድ ጣሳ ቁልቁል ቅጂልኝ» ይሏታል። ሕፃናት በመንገድ «እትዬ ሁለት ፊደል!» እያሉ ይከተሏታል። እሷ ትስቅ ነበር፣ ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም። ከዚያ ኅዳር መግቢያ ላይ ጓድ አስናቀ እንዲህ ብሎ አነበበ፦ «ባሏ ሁመራ ሄዶ የቀረባት።»

በዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። እሱ «ሁለት ፊደል እኮ ነው!» አለ፣ ሰው ያላወቀው መስሎት። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ማሬ» አለ።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሠረተ ትምህርት አልሄደችም። የመጨረሻው ፈተና ቀርቦ ነበር፤ መምህሯ ሳይቀር ቤት ድረስ መጥታ ለመነቻት። «ዓይኔን አመመኝ» አለቻት። ጋኑን አጠበችው። እኔ ያኔ ነው የወሰንኩት። እናቴ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ያ ሰው በዚያው ግድግዳ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት መሳቂያ መሆን አለበት አልኩ።

ግን እንዴት? ጋዜጣውን መቅደድ ያሳስራል። በጀርባው መሳደብ ለራሴ እንጂ ለሱ አይደርሰውም። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ አንድ ነገር ከማድረጌ በፊት ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሁሉ አንድ በአንድ አስባለሁ። እንዲህ ሳስብ ሳስብ የሙጫው ተራ የኛ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጋዜጣው የሚለጠፈው በዱቄት ሙጫ ነበር፤ የስንዴ ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና እንደ አጥሚት ይማሰላል። የቀበሌው ልጃገረዶች በየሳምንቱ በተራ እንሠራለን፣ በመለጠፉም እናግዛለን። ያ እሁድ የኔና የዘውዴ ነበር።

ጠላ ያለበት ቤት አተላ አለ። አተላ ደግሞ ከብት ይወዳል። የአያ ታከለ በሬ ቡሬ በየጠዋቱ ወደ ውሃ ሲወርድ ደጃችን ቆሞ አተላውን ሳይጠጣ አያልፍም ነበር፤ እናቴ በገበቴ ታቀርብለታለች። ሐሙስ ጀምሬ አስቀረሁበት። ዓርብ ደጁን በቀንዱ መታው። ቅዳሜ እንደ ሰው ቆሞ አየኝ። አሳዘነኝ፣ ግን ጨክኜ «ነገ» አልኩት።

እሁድ ማለዳ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ይቆርጥ ነበር። ሁለት ዕቃ ጣድኩ። በትንሹ ቆርቆሮ ንጹህ የዱቄት ሙጫ፤ ይህ ለመሪው ንግግር ነው። በሬው ንግግሩን ከበላ ወሬው ሌላ ነው፣ ተጠያቂውም ብዙ ነው። በትልቁ ድስት ግን ዱቄቱን በወፍራም አተላ በጠበጥኩና ከአሞሌው ቀርፌ የወቀጥኩትን ጨው ሁለት እፍኝ ጨመርኩበት። ዘውዴ እሳቱን እያራገበች አፍንጫዋን ያዘች።

«አንቺ፣ ይሄ ሙጫ ነው ወይስ ገንፎ?»

«ገንፎ ነው። እንግዳ አለብኝ።»

ከሳቋ የተነሳ አመዱ ላይ ልትወድቅ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ግድግዳው ዘንድ ስንደርስ ጓድ አስናቀ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ላይኛውን ከትንሹ ቆርቆሮ ቀባሁ፣ መሃሉንም እንደዚያው። ወደ መስቀለኛ ቃላቱ ስደርስ ትልቁን ድስት አቀረብኩና ደርቤ ደርቤ ቀባሁ፤ ከተለጠፈም በኋላ ዳር ዳሩን ደገምኩት።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

«ዱቄቱ ከኛ ቤት ነው፣ ጓድ። የኛ ቤት ነገር ሁሉ ጠላ ጠላ ይላል።»

«ቀጭኑ ጠላ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። በጀመርኩት ነገር ትንሽ ጥርጣሬ ቀርቶኝ ከነበረ በዚያ ሳቅ ጠፋ።

ሕዝቡ መጣ። እናቴም ስሟ እንዳይያዝ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ጓድ አስናቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «አግድም አንድ፦ ጠበቅ...»

«ላላ!»

«አግድም ሦስት፦ እጅግ ተመኘ።»

«ጓጓ!»

በዚህ መሃል ነው ቡሬ ከአያ ታከለ ግቢ ወጥቶ ቁልቁል የመጣው። እሁድ ስለሆነ አልተጠመደም። መጀመሪያ ቆመ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቀና። ከዚያ ሰው መሃል ገባ፤ ሰውም ለሊቀመንበሩ በሬ መንገድ ለቀቀ። ጓድ አስናቀ ጀርባውን ሰጥቶ «ቁልቁል አራት» ሲል በሬው በጎኑ አልፎ ግድግዳውን በምላሱ አንድ ጊዜ ላሰ። ወረቀቱ ተሸረከተ። ሁለተኛ ላሰ። ዓላማ ሄደ።

«ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ጓድ አስናቀ ዱላውን ሸንጡ ላይ አሳረፈበት።

«ተው!» አያ ታከለ ከወንበሩ ዘለለ። «በሬዬን ትመታለህ? ነገ አውድማ የሚወጣ በሬ ነው!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጋዜጣውን እየበላ ነው እኮ!»

«ወረቀት ነው፣ ሌላ ትጽፋለህ። በሬ ትጽፍልኛለህ?»

ጓድ አስናቀ ዱላውን ጥሎ በሁለት እጁ ወረቀቱን ያዘ። በሬው በወዲያ በኩል ያዘ። ሁለቱ ተጓተቱ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ዳግመኛ ያንን ሰው ሊፈራው አይችልም። አንዱ ሽማግሌ «አግድም ነው ቁልቁል የሚበላው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ቀዳዳ እየደፈነ ነው፣ ተዉት» አለ። በሬው አሸነፈ። ፍሬን በላ፣ ጓጓን በላ፣ እናቴን በላ፤ ጓድ አስናቀ አራት ጣት የማትሞላ ቁራጭ ይዞ ቀረ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ቡሬ አንገቱን ወደ ላይ አነሳ፣ ምላሱ ወደ መሪው ንግግር ተዘረጋ። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አያ ታከለም ፊቱ አመድ መሰለ። ዘውዴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ለብዙ ቀን ነበረብኝ። በሬው ንግግሩን አሸተተ። ጨው የለበትም። አነጠሰና ፊቱን መለሰ።

ያኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተናገረች። ድምፁን ሳውቀው ዞር አልኩ።

«ጓድ አስናቀ» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ። «በሁለት ፊደል፣ ጋዜጣ የሚበላ?»

«በሬ!» አለ ሕዝቡ። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ሁሉም። «በሬ!» ጉና ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ጓድ አስናቀ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጥቶ ድስቱን አሸተተ። እኔ ግን ገና ሳንበተን ሮጬ በአመድ ፈግፍጌው ነበር። «ሴራ ነው» እያለ አያ ታከለ ዘንድ ሄደ። አያ ታከለ ደግሞ የራሱ በሬ በሴራ ተከሶ ስሙ በስብሰባ እንዲነሳ ስላልፈለገ «ከብት ነው፣ ምን ያውቃል» ብሎ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ላይ መስቀለኛ ቃላት አልወጣም። ጓድ አስናቀ በገበያ ሲያልፍ እረኛው ሁሉ «እምቧ!» ይለዋል። እኔ ከበር ሆኜ እሰማለሁ፣ እንደ ማር ይጣፍጠኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬም ይጣፍጠኛል። ክረምቱ ሳይገባ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ፤ ማንም አልሸኘውም።

እናቴ በዚያን ቀን እስክታነባ ስቃ፣ በማግስቱ ብቅል አሰጣች። ጠጪዎቹ ተመለሱ፣ አፋቸውንም ያዙ። ቡሬን አቅፋ ስትስመው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም አሁን ትመለሳለች ብዬ ደብተሯን አቧራውን አራግፌ መደቡ ላይ አስቀመጥኩላት። አላነሳችውም። ስለምናት «እንዲያው ይቅርብኝ» ትለኛለች። ፈተናው አለፈ። በቀሌ ሰውየውን መታው እንጂ እሷን ወደ ክፍሏ አልመለሰልኝም።

በኋላ አግብቼ፣ ወልጄ፣ የቤቱን ካርታ በስሜ ልታዛውርልኝ አብረን ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው እስክሪብቶ ሰጣት። እናቴ ስሟን መጻፍ ትችላለች፤ ጋኑ ላይ ቀጥ አድርጋ ስትጽፈው አይቻለሁ። እስክሪብቶውን መለሰችለትና አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋች።

«እማዬ፣ ትችያለሽ እኮ» አልኳት በጆሮዋ።

«እሱን ስም እንኳ አልጽፈውም» አለችኝ። እስክታርፍ ድረስ በየሄደችበት በጣት ፈረመች።

ሰዎች የቆየ ነገር ይረሳል ይሉኛል። ልጆቼም «እማዬ፣ ተራ ጨዋታ እኮ ነው» ይላሉ። እነሱ ትምህርት ቤት ሲገቡ በስማቸው ማንም እንዳይቀልድ ስሠጋ፣ ለመምህሮቻቸው እንኳ በቁልምጫ እንዳይጠሯቸው ስለምን የኖርኩ እኔ ነኝ። አዲስ መነጽሯን ያደረገችው ልጄ ያንን መጽሔት ጨርሳ ሌላ ጀምራለች። ቃላቱ ዛሬም እነዚያው ናቸው፣ ላላና ሳሳ። በእነሱ ቂም የለኝም። ቃል ናቸው፣ የትም ቢወተፉ አያማቸውም።

ጓድ አስናቀን ግን ይቅር አላልኩም። ቁመቱ ረጅም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ሲናገር ቅንድቡን የሚያነሳ ሰው ነበር። በዕድሜ ከኔ ብዙ ስለማይርቅ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ከደብረ ታቦር ወደ የት እንደተዛወረ፣ አሁን የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።